በፉጨቱ ሰሌዳ ላይ የታሰረው ጆንያ

አቃቂ፣ ጥር 26 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙፋን ካሳሁን
ድሬዳዋ

ልጄ ዙፋን፣

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አውቃለሁ። ጤናሽን፣ የምትጠብቂውን ልጅ ሁኔታ፣ የድሬዳዋን ሙቀት በየተራ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር። ጠይቄያለሁ ብለሽ ቁጠሪልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለእናትሽ ብቻ ስትጽፊ፣ እኔ ከጀርባዋ ቆሜ «አባቴስ ደህና ነው?» የምትል አንዲት መስመር ስፈልግ ቆይቻለሁ። አንዳንዴ አገኛታለሁ፣ አንዳንዴ አጣታለሁ። አሁን የምጽፍልሽ እናትሽ መጻፍ ስላቃታት ነው። ደጋግማ ጀመረችው፤ ወረቀቱ በእንባ እየራሰ ተወችው። እኔ አላለቅስም። ተናድጃለሁ፤ የተናደደ ሰው ደግሞ መስመሩን ሳይስት ይጽፋል።

ባልሽ በሕይወት አለ፤ ጤነኛ ነው፤ ይበላል። የቀረውን በቅደም ተከተል እነግርሻለሁ። ገጽ ዘልለሽ መጨረሻውን ማንበብ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስለምትወጂ፣ ይህን አስቀድሜ ነገርኩሽ። እንዳትዘልዪ።

ስለ ባልሽና ስለ ባቡሩ እዚያ ምን እንደሚወራ እገምታለሁ። «ጫት ቅሞ እንቅልፍ ጥሎት ነው፣ ሳያፏጭ መጥቶ ጋሪ ነጂውን ቡልቻን ገደለው» ይባላል። እዚህም የሚባለው ይኸው ነው። ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን ደግሞ የሚያወሩት ሰዎች ያውቃሉ።

የሐዲዱን መሻገሪያ አትረሺውም። ከእማማ አለሚቱ ቤት አጠገብ ያለው፣ በር የሌለው፣ ትምህርት ቤት ስወስድሽ እጅሽን አጥብቄ ይዤ የማሻግርሽ ነው። «አባዬ አመመኝ» ስትዪኝ እንኳ አልለቅሽም ነበር። ለመኪና የቆመው ምልክት፣ እነዚያ ሁለት የተጠላለፉ ብረቶች፣ አንድ የጭነት መኪና ገጭቶ ካጋደማቸው ወዲህ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አዙረዋል። ለወፍ ካልሆነ ለማንም አያስጠነቅቁም። ምሰሶው ላይ አንድ የባህል ሐኪም «ኪንታሮት ያለ ቀዶ ጥገና እናድናለን» የሚል ወረቀት ለጥፎበታል። ስለዚህ ወደ ሐዲዱ ለሚቀርብ ሾፌር በአቃቂ ከተማ የተረፈለት ብቸኛ ማስጠንቀቂያ ስለ ኪንታሮት ነው። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ አመለከትኩ፣ በአካል ሄድኩ። «ጋሼ፣ አመልክተዋል አይደል? እንግዲህ ይጠብቁ» አለችኝ አንዷ ጸሐፊ፣ ጥፍሯን እየሞረደች።

ሰው ታዲያ በምን ይሻገራል? በጆሮው። አቃቂ በዓይኑ አይሻገርም። ሐዲዱ ከዱከም በኩል ሲመጣ በባሕር ዛፍ የተሸፈነ ጥምዝ ስላለው ባቡሩ እስኪደርስ አይታይም። ከጥምዙ ወዲያ ግን ለነጂው የቆመ አንድ ሰሌዳ አለ። ነጭ ነው፤ አንድ ጥቁር የፈረንሳይ ፊደል ተጽፎበታል፤ ትርጉሙ «አፏጭ» ነው። ነጂው ያን አይቶ ያፏጫል፤ ሰው ፉጨቱን ሰምቶ ይቆማል። ፉጨት ከሌለ ባቡር የለም። ጋሪ ነጂ ነሽ፣ ተማሪ ነሽ፣ አህያ ነጂ ነሽ፣ አንገቱን የሚያዞር የለም። የከተማው ሕይወት በሙሉ በአንዲት ፊደል ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

በገና ሰሞን እማማ አለሚቱ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር፣ ክፉ ሰው አልነበሩም። እድራችን ድንኳኑን የተከለው እንደ ልማዱ መንገዱ ላይ፣ ከሐዲዱ ሥር ነው። እኔ ቀብሩ ላይ ቆሜ፣ ሐዘንተኛውን ልጃቸውን ሮሪሳን አጽናንቼ ወደምሠራበት ፋብሪካ ተመለስኩ። የዚያን ጊዜ የእድሩ ንብረት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። «ነበርኩ» ያልኩበትን ምክንያት እደርስበታለሁ።

እኔ ከሄድኩ በኋላ የሆነውን የነገረኝ ሮሪሳ ራሱ ነው። ማታ ለቅሶው ሲበርድ፣ ሰው እህል ሲቀምስ፣ ባቡሩ ከድንኳኑ ጀርባ አምባረቀ። ሮሪሳ ጆሮውን ይዞ፣ «እናቴን ቀብሬ እንኳ አያሳርፈኝም?» ብሎ አዲስ ለቅሶ ጀመረ። የእድሩ ዳኛ አቶ በቀለ ተነሱ። «በሐዘን ቤት ሬዲዮ ይዘጋል፤ ሠርግ ያለበት ጎረቤት እንኳ ከበሮውን ያቆማል። ይሄ ባቡር የሚባል ነገር ግን ይሉኝታ የለውም» አሉ። ከዚያ አንዱ አዋቂ፣ ማን እንደሆነ እስካሁን ማንም አልነገረኝም፣ «እሱ እኮ የሚያፏጨው ሰሌዳውን ሲያይ ነው። እስከ ሣልስቱ ብንሸፍነውስ?» አለ።

ሸፈኑት። ጆንያ አለበሱት፣ በድንኳን ገመድ አሰሩት፣ እጃቸውን አራግፈው ተመለሱ። ሐዘንተኛ እናክብር ብለው ነው። ክፋት አልነበረበትም፤ ደሜን የሚያፈላውም ይኸው ነው። ክፋት ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው «ተዉ» ይል ነበር። ደግነትን «ተው» የሚል ሰው ግን በዚህ ሰፈር አልተፈጠረም።

ጉዱ ደግሞ በማግስቱ ያለፉት ባቡሮች እንደ ልማዳቸው ማፏጨታቸው ነው። ነባሮቹ ነጂዎች ሰሌዳውን ማየት ከተዉ ዘመን አልፏል፤ ቦታውን እጃቸው ያውቀዋል። አቶ በቀለ ድንኳን ውስጥ ሆነው፣ «ባቡሩ ጆንያውን አላየውም መሰለኝ፣ አንድ ሰው ሄዶ ያሳየው» ብለው ሐዘንተኛውን ሳይቀር አሳቁ አሉ።

በሣልስቱ ዋዜማ አመሻሽ ላይ ግን ሰሌዳ የሚያነብ ነጂ መጣ። እስከ አዋሽ ድረስ ያለውን መስመር ብቻ ሲነዳ የቆየ፣ በዚያን ቀን የታመመ ጓደኛውን ተክቶ ወደ አዲስ አበባ የዘለቀ ነጂ። ቡልቻ ለማግስቱ ሰው የሚሆን አግዳሚ ወንበር በጋሪው ጭኖ፣ ጆሮውን አምኖ፣ ሐዲዱ ላይ ወጣ። ፈረሱ ተረፈ። ቡልቻ አልተረፈም።

ያን ምሽት እናትሽ ከድንኳኑ ስትመለስ ፊቷ ዐመድ መስሏል። «ነጂው ለሜሳ ነው። የዙፋን ለሜሳ» አለችኝ።

አልዋሽሽም። ሌሊቱን ሙሉ «አላልኩም?» ስል አደርኩ። ዩኒቨርሲቲ አቋርጠሽ የሄድሽለት ሰው ማፏጨት እንኳ አይችልም አልኩ። ሲነጋም ወደ ሐዲዱ የወጣሁት ጥፋቱን ፍለጋ ነው። ከየት እንዳየ፣ የት ማቆም ይችል እንደነበር በእርምጃ ለክቼ፣ አንድ ቀን ስትመጪ ላሳይሽ።

ጥምዙን አልፌ ሰሌዳው ጋ ስደርስ፣ ሰሌዳ የለም። ጆንያ የለበሰ ምሰሶ ቆሟል። ጆንያው የታሰረበት ገመድ ጫፉ ቀይ ነው።

ያ ቀይ ቀለም የእኔ ነው። የእድራችን ንብረት ከላይኛው ሰፈር እድር ጋር እየተቀላቀለ፣ እየተሰረቀም ሲያስቸግር፣ የድንኳኑን ገመድ ጫፍ ሁሉ ቀይ ቀለም ያስነከርኩት እኔ ነኝ። ያኔ አቶ በቀለ «ካሳሁን ገመዱን ጥፍር ቀለም ቀባው» እያሉ አንድ ክረምት ሙሉ አስቀውብኛል።

እዚያው ቆሜ ፖሊስ መጥራት ነበረብኝ። እኔ ግን ሥርዓት አዋቂው፣ መጀመሪያ ለእድሩ ዳኛ ማሳወቅ ይገባል ብዬ አቶ በቀለ ቤት ሄድኩ። ቁርስ ላይ ነበሩ። ጉርሻቸውን አስቀመጡ፤ «አይ የእኛ ነገር! ግድ የለም ካሳሁን፣ ለኔ ተወው» አሉኝ። ተውኩላቸው። ከቀትር በኋላ ከፖሊስ ጋር ስመለስ ሰሌዳው ታጥቦ እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል! ሃምሳ አለቃው ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ «አባት፣ የትኛው ጆንያ?» አለኝ። ምሰሶው ላይ ግን ቋጠሮው አልፈታ ብሏቸው በቢላ ቆርጠውት ኖሮ፣ ቀይ ጫፍ ያለው ቀለበት ከሰሌዳው ሥር ተወጥሮ ቀርቷል። እሱን አሳየሁት። «ገመድ በየቦታው አለ። የባቡሩ መርማሪ ሲመጣ ይናገሩ» ብሎኝ ሄደ።

በዚያው ሰሞን የታሰረበት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ባልሽን አየሁት። እናትሽ የቋጠረችውን ምሳ ይዤ ነው የሄድኩት፤ እኔ አልቋጠርኩም። ስገባ ብድግ አለ። ፂሙ አድጓል። ዓይኑ እንቅልፍ አጥቷል።

«ተኝተህ ነበር?» አልኩት፤ እግዜር ይማርህ እንኳ ሳልል።

«አልተኛሁም፣ አባባ።»

«ታዲያ ለምን አላፏጨህም?»

«ሰሌዳ አላየሁም።»

«ሰሌዳ ከሌለ ሰው የለም?»

«ከድሬዳዋ እስከዚህ ሐዲዱን የሚያቋርጠው የእግር መንገድ ስፍር ቁጥር የለውም፣ አባባ። በየደረስኩበት ባፏጭ ሰው ፉጨቱን ይለምደውና መስማት ይተዋል። ስለዚህ ሰሌዳው ሲያዘኝ አፏጫለሁ። ከደብረ ዘይት ወዲህ ያሉትን አንድም አላለፍኩም። እዚያ ቦታ ያየሁት ጆንያ የለበሰ ነገር ብቻ ነው። ገበሬ ለወፍ ያቆመው ማስፈራሪያ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

«ይህን ለፖሊሶቹ ነግረሃቸዋል?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ሳቁ።»

ስለ ጆንያው ሳልነግረው በፊት ነው ይህን ያለኝ። ምሳውን ሰጥቼው ወጣሁ። ደጁ ላይ ጥቂት ቆምኩ። በፋብሪካው «እጅህን አታስገባ» የሚል ጽሑፍ በየማሽኑ ላይ ስለጥፍ ሃያ ዓመት አልፎኛል። እስከ ዛሬ ሠራተኛው ጽሑፉ ላይ ኮቱን ሲሰቅልበት እንጂ ሲያነበው አላየሁም። ጣት የሌላቸውን ሰዎች ስም ልጥራልሽ ብል ወረቀቱ አይበቃኝም። እና የተጻፈውን የሚያነብ፣ የታዘዘውን ልክ በታዘዘበት ቦታ የሚያደርግ ሰው በዚህ አገር ብፈልግ፣ ያገኘሁት አቃቂ ጣቢያ፣ ከፍርግርግ ጀርባ፣ ሰሌዳ በማንበቡ ታስሮ ነው።

ከጥምቀት በኋላ መርማሪው እንደሚመጣ ሲሰማ እድሩ ተሰበሰበ። «እድሩ ራሱ እውነቱን ይናገር፤ ሆን ብላችሁ አላደረጋችሁትም፣ ማንም አይሰቅላችሁም» አልኳቸው። ጫጫታ ሆነ። አቶ በቀለ እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኙ።

«ካሳሁን፣ ሟች የኛ ነው። ሐዘንተኛዋ ሚስቱ የኛ ናት። ድንኳኑም የኛ ነው። ነጂው የማን ነው?»

«የኔ ነው» አልኩ። «አማቼ ነው።»

«ሠርጉ ላይ አላየንህማ!» አለ አንዱ ከኋላ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«አንተ ገመዱን ቀይ የቀባኸው ለሌባ ነበር ወይስ ለእኛ?» አሉ አቶ በቀለ።

«ሌባ ይያዝበት ብዬ ነበር» አልኳቸው።

ይህን ማለት አልነበረብኝ ይሆናል። ሮሪሳ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አቶ በቀለ ከመርማሪው ፊት እድሩን ያዋረደ አባል ከእድሩ እንደሚወገድ ወስነው አስወሰኑ። እጅ ያላወጣ ሰው አላየሁም። በመጨረሻም ጣታቸውን ቀስረው፣ «እንግዲያው አማችህ ይቅበርህ!» አሉኝ።

እናትሽ ይህን ስነግራት መሬት ላይ ተቀመጠች። «በስተርጅና? ማን አፈር ያለብሰናል፣ ካሳሁን?» አለችኝ። እድር የሌለው ሰው በአቃቂ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በእኛ ደጅ ሲደርስ ጥሩምባውን ዝቅ አድርጎ ያልፋል።

ከመናገሬ በፊት ግን ልጠይቃት የሚገባኝ አንዲት ሴት ነበረች። የቡልቻ ሚስት ዳሲቱ። ጥቁሯን ለብሳ ደጇ ላይ ለፈረሱ ገለባ ትሰጠዋለች። ስለ ጆንያው ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ ካሳሁን። ጆንያው የኛ ነው። የዚህ ፈረስ የገብስ ጆንያ ነው። 'ሐዘንተኛ ይረፍበት' ብሎ ቡልቻ ራሱ ነው የሰጣቸው።»

ባርኔጣዬን አውልቄ ያዝኩ።

«ልጆቼ ዛሬ የበሉት የእድሩን ነው» አለችኝ። «እኔ ሄጄ አልናገርም። እርስዎ ግን ይናገሩ፤ ያ ልጅ ምን በወጣው? መርማሪው መጥቶ ከጠየቀኝ ውሸት አልጨምርበትም። አንድ የሞተ ይበቃኛል።»

ያቺን ሴት «ባልሽን የገደለው እንቅልፋም ነው» እያሉ ሲያጽናኗት ነበር የከረሙት!

መርማሪው ሰኞ መጣ። ጥምዙን አሳየሁት፣ ቀለበቱን አሳየሁት፣ ከድንኳኑ የቀረውን ገመድ፣ ቁልፉን ገና ካልተረከቡኝ የእድሩ ዕቃ ቤት አምጥቼ የተቆረጠበትን ጫፍ ከጫፍ አጋጠምኩለት። ዳሲቱ ተጠየቀች፤ «ጆንያው የፈረሳችን ነው» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሮሪሳም ሳይጠራ መጣ። እያለቀሰ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። እሱን አልተቀየምኩትም። እናቱ ሞተውበታል፤ ማሰብ የነበረበት እሱ ሳይሆን ያላለቀሰው ሰው ነው።

ባልሽ ትናንት ተፈታ። ወደ ሥራው ለመመለሱ ገና ውሳኔ አልተሰጠም፤ ምስክርነቴ ግን በመዝገቡ አለ፤ አስፈላጊ ከሆነ ድሬዳዋ ድረስ መጥቼ እደግመዋለሁ። ከጣቢያ ወደ ቤት የመጣነው በእግራችን ነው። መሻገሪያው ጋ ስንደርስ ቆመ። ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ አዳመጠ። እኔም አብሬው ቆምኩ። ከኋላችን የመጣ ጋሪ ነጂ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ሐዲዱን ልትገዙት ነው?» ብሎን በጎናችን አለፈ። አልፎ ሄደ፣ አንገቱን ሳያዞር! ቡልቻ በሞተበት ቦታ፣ ቡልቻ አርባው ሳይወጣ። ድንጋይ ላነሳ ነበር፤ ባልሽ ክንዴን ያዘኝ።

ለቡልቻ አርባ ድንኳኑ እዚያው ቦታ እንደሚተከል ሰምቻለሁ። ዳሲቱ ግን «ሐዲድ አጠገብ አላስለቅስም፣ በግቢዬ ነው የማደርገው» ብላ ላከችብኝ። እንድመጣም ብላለች፤ እሄዳለሁ። የመንገዱን ምልክት የፋብሪካውን በያጅ ይዤ ሄጄ አቃንቼዋለሁ፤ ያለ ፈቃድ ነው፤ የሚጠይቀኝ ካለ ይጠይቀኝ። ኪንታሮቱንም ልጬ ጥዬዋለሁ።

ይህን ስጽፍ ባልሽ በአንቺ ክፍል ተኝቷል። እናትሽ አልጋሽን ዘርግታለት፣ መጻሕፍትሽን ከላዩ አንስታ መሬት ላይ ደርድራለች። እኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቆምሽውን መጽሐፍ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ፤ ድንገት ብትፈልጊው። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ እሱ ነው። እሱ ካልጠየቁት ብዙ እንደማይናገር ስላወቅኩ፣ ሁሉንም እኔ ጻፍኩልሽ። አጠገብሽ ቆሞ ይሆናል አሁን። ይቀመጥ በዪው።

ምጥሽ ሲመጣ ማርያም ትቅረብሽ። ልጁን እንዳየሽ ላኪብኝ፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ በእኔ ስም። ሐዲድ ስታሻግሩት እጁን አጥብቃችሁ ያዙት፤ «አመመኝ» ቢል አትልቀቁት።

ስለ እኔ ቀብር እናትሽ ትጨነቃለች፤ አንቺ አትጨነቂ። አቶ በቀለ የሚቀብረኝን ሰው ሾመውልኛል፤ ሹመቱን ተቀብያለሁ። ድንኳን አልፈልግም። በዚያ ቀን ባልሽ በዚያ መስመር የሚያልፍ ከሆነ ግን ያፏጭ። የተቀመጠ ሐዘንተኛ ቢኖርም ያፏጭ። ሰሌዳው ጋ ሲደርስ፣ ረዘም አድርጎ።

አባትሽ
ካሳሁን ገብረጻድቅ